የአጫሽ ድድ አለመድማቱ የጤንነት ምልክት ነውን?

ጤናማ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ የምግብ ትርፍራፊን ያጥባል፣ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚፈጥሩትን አሲድ ያለዝባል፤ በውስጡ የያዘው ካልሲየምና ፎስፌትም በአሲድ የተሸረሸረውን የጥርስ ሽፋን ይጠግናል። ሲጋራ ሲለኮስ ወይም ሱረት አፍ ውስጥ ሲያዝ ምራቅ ስለሚበዛ፣ ትምባሆ አፍን የማያደርቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ግን የቅጽበት ምላሽ ነው፤ ለዓመታት ባጨሱ ሰዎች ዘንድ የምራቅ መጠን መቀነስና የአፍ መድረቅ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳች የምለው የድድ ጉዳይ ነው። የድድ ሕመም መጀመሩ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ በብሩሽ ወይም በመፋቂያ ሲጸዳ በሚታይ ደም ነው፤ ኒኮቲን ግን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብና ትምባሆ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም፣ የአጫሹ ድድ ሳይደማና ሳይቀላ ጥርስን የያዘው አጥንት ውስጥ ውስጡን ሊበላ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሰውየው ወደ ሐኪም የሚሄደው ጥርሱ መነቃነቅ ከጀመረ በኋላ ይሆናል፤ ይህ መዘግየት በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ማጨስ ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድዱ ቢደማ ደግሞ መደንገጥ የለበትም፤ ወደ ድዱ የሚደርሰው ደም እየተመለሰ ስለሆነ ተደብቆ የቆየው ሕመም መታየት መጀመሩ ነው፣ የጥርስ ሐኪም ግን ሊያየው ይገባል። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ካለ፣ ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ምርመራው ለነገ አይባልም።