ኒውክሊዮሲንተሲስ ምንድን ነው? ኮከብ ብረት እንደሚሠራ በምን አወቅን?

ኮምቦልቻ ውስጥ ብየዳ ቤት በር ላይ ቆሞ ፍንጣሪውን ያላየ የለም። ያን ብረት ፋብሪካ ያቀልጠዋል፣ ቅርጽ ያስይዘዋል እንጂ አንዲት የብረት አቶም አይፈጥርም። አቶሞቹ የመጡት ከከዋክብት ነው። ኮከብ ሆድ ውስጥ ቀላል የአቶም አስኳሎች እየተዋሐዱ ከባድ ይሆናሉ። ሃይድሮጅን ሂሊየም ይሆናል፣ ሂሊየም ካርቦን ይሆናል፣ እያለ እስከ ብረት አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያሉት በአብዛኛው የሚሠሩት አስኳል ኒውትሮን (የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ቅንጣት) እየዋጠ ሲከብድ ነው። የዚህ ሁሉ ሥራ ስም ኒውክሊዮሲንተሲስ ነው።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው «ማን ሄዶ አየ?» አለኝ። ልክ ነው፣ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ሄዶ ያየ የለም። ብርሃኑ ግን እኛ ጋ ይመጣል። ማታ ጋዝ ምድጃ ስትለኩሱ ሰማያዊው ነበልባል ላይ ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ ጣሉበት። ወዲያው ቢጫ ቦግ ይላል። ቢጫው ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንዲህ የራሱ የሆኑ ቀለሞች አሉት። የኮከብን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ዘርዝሮ የሚያሳይ መሣሪያ ካለ፣ እዚያ ምን እንዳለ ይነበባል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ማስረጃ የ1952ቱ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፖል ሜሪል የተባለ አሜሪካዊ የአንዳንድ ቀይ ግዙፍ ከዋክብትን ብርሃን ሲመረምር ቴክኒሺየም አገኘ። ቴክኒሺየም እየፈረሰ የሚያልቅ ንጥረ ነገር ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ዓይነቱ እንኳ በ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ከዋክብቱ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያረጁ ናቸው። ሲወለዱ ይዘውት የመጡት ቢሆን ኖሮ ድሮ ባለቀ ነበር። ትኩስ እንጀራ መሶብ ላይ ያየ ሰው፣ ጓዳ ገብቶ ምጣዱን ባያይም የጋገረ እንዳለ ያውቃል። ሜሪልም ያየው ትኩሱን እንጀራ ነው።

ሌላም አለ። በ1969 አውስትራሊያ ላይ በወደቀው የመርቺሰን ሜትሮይት ውስጥ ከፀሐይ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው ደቃቅ ብናኞች ተገኝተዋል። ከሌሎች ከዋክብት የመጡ ናቸውና እጅ ላይ ይዞ መመርመር ተችሏል። በ2017 ደግሞ ሁለት የኒውትሮን ከዋክብት (ፈንድተው ያለቁ ከዋክብት ጥቅጥቅ ያሉ ቅሪቶች) ሲጋጩ ታይቶ፣ ከብርሃናቸው ውስጥ ከብረት የሚከብደው ስትሮንሺየም ተለይቷል።

ሁለተኛው መንገድ ሙከራ ነው። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ ኮከብን ለማጥናት ሰዎቹ ተራራ ሥር መግባታቸው ነው። ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ የሚባል ተራራ አለ። ከአውራ ጎዳናው ዋሻ ጎን ላቦራቶሪ ተቆፍሮበታል። ከላዩ 1,400 ሜትር ዐለት ተጭኖታል። ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ኮምቦልቻ ስንደርስ የምንወርደው 600 ሜትር ገደማ ነው። እጥፉን ቁልቁል ወርዳችሁ እንኳ እዚያ ጥልቀት አትደርሱም።

ለምን ከመሬት በታች? ሁለት አስኳሎች ሁለቱም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ። በኮከብ ውስጥ ባላቸው ጉልበት መዋሐዳቸው በጣም ብርቅ ነው። ኮከቡ ይህን የሚችለው ቁጥር ስፍር የሌለው አስኳል ስላለው ነው። ላቦራቶሪ ግን ያን ያህል የለውም። ሉና የተባለው የግራን ሳሶ ሙከራ ሁለት ሂሊየም-3 (ቀለል ያለ የሂሊየም ዓይነት) አስኳሎችን ሲያጋጭ፣ በዝቅተኛው ጉልበት ያገኘው በወር 2 ውሕደት ያህል ነበር። ከሰማይ ያለማቋረጥ የሚዘንቡ የኮስሚክ ጨረር ቅንጣቶች ያቺን ጥቂት ምልክት ይውጧታል። ዐለቱ ግን ከእነዚህ መካከል ሚውኦን የተባሉትን ቅንጣቶች ወደ አንድ ሚሊዮንኛ ይቀንሳቸዋል።

የዚህ ልፋት ፍሬ ሩቅ ይደርሳል። ሉና ናይትሮጅንና ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አስኳል) የሚዋሐዱበትን ፍጥነት ለክቶ በ2004 ሲያሳውቅ፣ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሥራው ከዘገየ ኮከቡ አሁን ያለበት ደረጃ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የጥንታዊዎቹ የከዋክብት ክምችቶች ዕድሜ ከ700 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ዓመት ከፍ ብሎ ተሰላ።