የ1፣ የ2 እና የ3 ሰዓት ዜና፦ የፖለቲካ ወሬ እንዴት ይመዘን ነበር?

ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ዜና ወዳድ ምሽት በሦስት የተከፈለ ነበር። 1 ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅ፣ 2 ሰዓት ላይ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፣ 3 ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅ። አንዱን ጉዳይ ከሦስቱም የሰማ ሰው ማን ምን እንደዘለለ ያውቃል። ከወገንተኝነት የጸዳ ጣቢያ አለ ብሎ የሚሟገት ብዙም አልነበረም። ዋናው ነገር ወዴት እንደሚያደላ ማወቅ ነው። መንግሥት ራሱን የሚጎዳ ነገር ካመነ፣ ተቃዋሚም ለመንግሥት የሚበጅ ነገር ከዘገበ፣ ዜናው ሚዛን ይደፋል።

የጀርመን ድምፅ አማርኛና የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሁለቱም በ1957 ዓ.ም. ጀመሩ። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተከተለ። በደርግ ዘመን የውጭ ሬዲዮ የሚሰማው ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ነበር።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ግን ሳንሱር ተነሣ፤ የግል ጋዜጣው ጎዳናውን ሞላው። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ ይከራይ ነበር። አንባቢው ለአዟሪው ሳንቲም ይከፍልና እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ያነባል። ጨርሶ ይመልስና ሌላ ይወስዳል፤ የግሉን ጦቢያ ከመንግሥቱ አዲስ ዘመን ጋር የሚያስተያየው እንዲህ ነበር። እንደዚያ ያለ የንባብ ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲህ አልታየም ማለት ይቻላል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ ጋዜጦች ተዘጉ፤ ጋዜጠኞችም ታሰሩ።

የአጭር ሞገድ አድማጩ ሌላም መለኪያ ነበረው፦ ማን ተደወለለት? ዘጋቢው «የባለሥልጣኑን ምላሽ ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» ካለ፣ ቢያንስ ሞክሯል። መንግሥት በበኩሉ ጣቢያዎቹን በወገንተኝነት ይከስ ነበር። በመጋቢት 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛን የዘር ጭፍጨፋውን ካነሣሣው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አነጻጸሩት፤ ስርጭቱም ታወከ። ንጽጽሩ የተጋነነ ነበር።

ልማዱ በደንብ የተፈተነው በ2004 ክረምት ነው። መለስ ከሕዝብ ዓይን ራቁ። መንግሥት ታመዋል፣ እያገገሙ ነው አለ። መቀመጫው ውጭ አገር የነበረው የተቃዋሚዎች ቴሌቪዥን ኢሳት ሐምሌ ላይ ሞተዋል ሲል ዘገበ፤ በምንጭነት የጠቀሰው ተቋም ግን አላልኩም አለ። ስለ ጤናቸው የጻፈው ፍትሕ ጋዜጣ እንዳይሰራጭ ታገደ። ነሐሴ 15 ቴሌቪዥኑ ሞታቸውን አረዳ፤ ያረፉት ትናንት ሌሊት ነው ተባለ። ቀኑን በተመለከተ አንዳንዶች ዛሬም ይጠራጠራሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ሁለቱንም በጥርጣሬ የሰማው አድማጭ አልከሰረም። አንዱ ደብቋል፣ ሌላው ቸኩሏል።

ከ2010 በኋላ ሚዲያው ተከፈተ፣ ፌስቡክና ቴሌግራምም ገነኑ። በ2012 የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ወጣ። ኢትዮጵያ ቼክን የመሰሉ መረጃ አጣሪዎችም ሥራ ጀመሩ። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ እንዲርቁ ሲደረግ ከሦስቱ አንዱ ጎደለ።

አሁን የሚያስቸግረው ፎርጅድ ደብዳቤ ነው። የመሥሪያ ቤት አርማ ያለበት ወረቀት በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ሰው ሳያጣራ ሼር ያደርገዋል። ነቃ ያለው ግን መጀመሪያ ቁጥሩንና ቀኑን ያያል። ከዚያ ቲተሩ (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት የሰፈረበት ማኅተም) ላይ ያለው ሰው አሁንም በዚያ ወንበር ላይ መሆኑን ይጠይቃል፤ ማኅተሙንም ከቀድሞ ደብዳቤ ጋር ያስተያያል። ተነሥቶ በሄደ ኃላፊ ስም የተፈረመ ደብዳቤ እዚያው ይጋለጣል።