«ላይብረሪ ተሄዶ ጌም ይጫወታሉ እንዴ?» ታዳጊ ልጆቻችንና የሰፈር ላይብረሪ

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሻ ወላጆች «ላይብረሪ» ስንል ብዙዎቻችን በሐሳባችን ያለው ሌላ ቦታ ነው። የእኔ ወመዘክር ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን። የምፈልገውን መጽሐፍ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። ሠራተኛው ከውስጥ ያመጣልኛል። እዚያው ቁጭ ብዬ አንብቤ እመልሳለሁ። ይዞ ወደ ቤት መሄድ የለም። ሳል ከያዘኝ እንኳ አፌን አፍኜ ነበር የምወጣው። ማትሪክ ያጠናሁት እዚያ ስለሆነ ቦታውን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ችግሩ፣ ያንን ቦታ በልቤ ይዤ እዚህ የተወለዱ ልጆቼን ላይብረሪ ልኬያቸዋለሁ። ከሌሎች ወላጆች ጋር ስናወራም ተመሳሳይ ነገር እሰማለሁ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ላይብረሪ ጸጥ ብሎ ማጥኛ ነው»

ልጄ 14 ዓመቷ ሳለ አንድ ቅዳሜ «እማዬ፣ ዛሬ ላይብረሪ የጌም ቀን ነው» አለችኝ። ጥናት ልታመልጥ መስሎኝ «ላይብረሪ ተሄዶ ጌም ይጫወታሉ እንዴ?» አልኳት። አላመንኳትም፤ አብሬያት ሄድኩ። አሥር የሚሆኑ ልጆች ጠረጴዛ ከበዋል። አንዱ ልጅ ታሪክ ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው ቀጥሎ የሚያደርጉትን ይወስናሉ። ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። ተራኪው ልጅ ለዚያ ቀን ብሎ ሦስት ገጽ ጽፎ መጥቷል። ማንም አላዘዘውም። እቤት አንድ ገጽ ጻፉ ብለን ስንት ቀን እንደምንለምን ወላጅ ያውቀዋል።

ዛሬ ብዙ ላይብረሪዎች ለታዳጊዎች የተለየ ክፍል አላቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ያፍራል፣ ከአዋቂዎቹ መሐል ደግሞ ይጨነቃል። የራሱ ቦታ ከሌለው መምጣቱን ይተዋል። ዲሲ መሐል ከተማ ያለውን የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ሄዳችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተ ሕንፃ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ታድሶ በ2020 እንደገና ተከፈተ። የታዳጊዎች ክፍል አለው። ድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ አለው። ስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለት ቅርጽ ያለው ዕቃ የሚያትም ማሽን፣ አለው። ጣሪያው ላይ የአትክልት ቦታ አለው። መግባት በነፃ ነው። በየሰፈሩ ያሉት ትንንሾቹ ላይብረሪዎችም ቼዝ፣ ኮዲንግ፣ የሥዕልና የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ክበብ ያዘጋጃሉ። ጸጥታ የፈለገ ልጅም አልተረሳም፤ በር ያለው የጥናት ክፍል በካርዱ አስቀድሞ መያዝ ይችላል።

«ኮሚክ እንደ መጽሐፍ አይቆጠርም»

ይቺን ሳልናገራት የማላልፋት ነች። ኮሚክ የምለው ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚተርከውን መጽሐፍ ነው፤ ማንጋ የሚባለው የጃፓኑ ነው። አንድ አባት ልጁ የያዘውን ማንጋ መደርደሪያው ላይ መልሶ «ሥዕል ማየት ትተህ ደህና መጽሐፍ ውሰድ» ሲለው አይቻለሁ። ልጁ ምንም ሳይወስድ ወጣ።

ኮሚክ ማንበብ ቀላል ሥራ አይደለም። ልጁ ቃሉን ያነባል፣ ፊቱን ያነባል፣ በሁለት ሥዕሎች መሐል ያልተነገረውን ራሱ ይሞላል። ማንጋ ከሆነ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። አሜሪካ ውስጥ ለታዳጊዎች ለተጻፉ መጻሕፍት የሚሰጠው የፕሪንትዝ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል ለተተረከ መጽሐፍ ተሰጥቷል። እኛስ ብንሆን? የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሥዕሎች ደርድሮ የሚተርከውን ሸራ ስንቶቻችን ሳሎን ሰቅለናል? ታሪክን በሥዕል ተራ በተራ ማንበብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም።

በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጣ ልጅ ደግሞ ኮሚክ ትልቅ ነገር ነው። የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ አሳቡ የ15 ዓመት ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ገና ነው። የሕፃናት መጽሐፍ ብትሰጡት ጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ኮሚኩ ታሪኩን በዕድሜው ልክ ይሰጠዋል፤ ያልገባውን ቃል ሥዕሉ ይነግረዋል። እባካችሁ ይውሰድ። አሥር ከፈለገ አሥር ይውሰድ።

በጆሮ የሚሰማ መጽሐፍም እንደዚያው ነው። ሊቢ የሚባለውን አፕ ስልኩ ላይ ጭኖ በላይብረሪ ካርዱ ከገባ በነፃ ይሰማል። አውቶቡስ ውስጥ የሰማው መጽሐፍ እንዳነበበው ይቆጠርለት።

«ካዘገየ ዕዳ ይቆልልብናል»

የማውቃት አንዲት እናት በዚህ ፍርሃት ልጆቿን ለዓመታት ላይብረሪ አልወሰደችም። ድሮ አንድ ጊዜ ከፍላ ስለነበር። ዛሬ ብዙ ከተሞች የማዘግያ ቅጣት አንስተዋል። ሳን ፍራንሲስኮና ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሲያትል በ2020፣ ኒውዮርክ በ2021 ትተውታል። ዲሲም አያስከፍልም። የጠፋ ወይም የተበላሸ መጽሐፍ ዋጋ ግን ይጠየቃል፤ እሱ ሌላ ነው። የድሮ ዕዳ አለብኝ የምትሉ ሄዳችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ አብሮ ተሰርዟል።

«ወረቀት ይጠይቁናል»

ካርድ ለማውጣት በተለምዶ የሚጠየቀው ማንነትና አድራሻ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ አይጠየቅም። አድራሻ ማሳያ ከቸገራችሁ ለሠራተኛው ንገሩ፤ በተለይ ለተማሪዎች ሌላ መንገድ አይጠፋም።

«ቮለንቲር የሚሠራበት ቦታ ጠፋ»

ሜሪላንድ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት፣ ዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል። አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ሰዓቱን የሚያሳድድ ልጅ ብዙ ነው። ላይብረሪው ደግሞ ቅርባችን ነው። በሰመር የንባብ ፕሮግራም ወቅት ሕፃናቱን የሚያግዙ ታዳጊዎች ይፈለጋሉ። ከዚያ የሚበልጠው የታዳጊዎች አማካሪ ቡድን የሚባለው ነው። ልጆቹ ተሰብስበው ምን ዓይነት መጽሐፍ ይገዛ፣ ምን ፕሮግራም ይዘጋጅ ብለው ይመክራሉ። ልጄ እዚያ ገብታ ነው በሰው ፊት መናገር የለመደችው። ሰዓቱ እንደሚቆጠርለት ግን ከመጀመሩ በፊት ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር አረጋግጡ።

«የሚያነቡትን ሠራተኞቹ ይቆጣጠሩልናል»

አይቆጣጠሩም። ይህን በግልጽ ማወቅ አለብን። የላይብረሪ ሙያ መርሕ ሰው በዕድሜው ምክንያት አገልግሎት እንዳይከለከል ይላል። ልጄ ምን ያንብብ፣ ምን አያንብብ የሚለው የወላጅ ጉዳይ ነው ብለው ነው የሚያምኑት። የተዋሰው መጽሐፍ ዝርዝርም በአብዛኞቹ ስቴቶች በሕግ ምስጢር ነው፤ ወላጅ የልጁን ማየት መቻል አለመቻሉ እንደየስቴቱ ይለያያል።

ይህ ብዙዎቻችንን ያስደነግጣል፣ ይገባኛል። የታዳጊ መደርደሪያ ላይ ስለ ሞት፣ ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ድብርት የሚያወሩ መጻሕፍት አሉ። እኔ ያዋጣኝ መከልከል አይደለም። ልጄ አንብባ ስትጨርስ እኔም ወስጄ አነበዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ቀስ ይላል፤ ቢሆንም አነበዋለሁ። ከዚያ ቡና ላይ «ያቺ ልጅ ግን ለምን ለእናቷ አልነገረቻትም?» እላለሁ። በቀጥታ ብጠይቃት የማትመልስልኝን ነገር በመጽሐፉ ልጅ በኩል ትነግረኛለች።

«የአማርኛ መጽሐፍ የላቸውም»

ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች አላቸው። ዲሲና ሲያትል የአማርኛ መጻሕፍት አሏቸው። ዲሲ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ጭምር እንዲያገለግሉ ያዛል። የሚጎድለው ለታዳጊ የሚሆነው ነው። ያለው ወይ የሕፃናት ተረት ነው፣ ወይ የአዋቂ ረጅም ልብ ወለድ። ፊደል ቆጥሮ ያቆመ የ13 ዓመት ልጅ ሁለቱም አይሆኑትም።

ለዚህ የመጽሐፍ መጠየቂያ ቅጽ አለ። በላይብረሪው ድረ ገጽ ወይም መረጃ ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ። ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ቋንቋውን ሞልታችሁ ትሰጣላችሁ። ጠያቂ ያለውን መጽሐፍ ለመግዛት ያስባሉ፤ ጠያቂ የሌለውን ከየት ያውቁታል? ባለፈው እኔና ልጄ ቁጭ ብለን ሦስት መጽሐፍ ሞላን። ሁለቱን እኔ መረጥኩ። ሦስተኛውን እሷ መረጠች፤ የአማርኛ ኮሚክ ነው።