ከርነሉ የፋይላችሁን «ትክክለኛ ፓዝ» አያውቅም

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ አንድ ቀን ይጠይቃታል፦ «ፋይሉን ከፍቼዋለሁ፤ ትክክለኛ ፓዙን የሚነግረኝ ሲስተም ኮል የቱ ነው?» (ፓዝ የፋይሉ አድራሻ ነው፤ ሲስተም ኮል ደግሞ ፕሮግራም ከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት ማለት ነው፣ የሚጠይቅበት ጥሪ።) ጥያቄው አይደለም የሚያናድደኝ። ፋይል ሁሉ አንድ ትክክለኛ ፓዝ አለው የሚለው እምነት ነው።

ኧረ የለውም! ፋይል ማለት አይኖድ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ ስለ ፋይሉ የሚይዘው ቁጥር ያለው መዝገብ። አይኖዱ ላይ መጠኑ፣ ባለቤቱ፣ ፈቃዱ ተመዝግቧል፤ ስም ግን የለበትም። ስሙ ያለው ዳይሬክተሪው (ፎልደሩ) ውስጥ ነው፤ ዳይሬክተሪ ደግሞ ስምንና የአይኖድ ቁጥርን የሚያገናኝ ዝርዝር ነው፣ አለቀ። ሃርድ ሊንክ (ለዚያው አይኖድ ተጨማሪ ስም) ስትሠሩ አንዱ ፋይል ሁለት ስም ያወጣል፤ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ «ዋናው» የሚባል የለም። ስሞቹን ሁሉ ብታጠፉም የከፈተው ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ ፋይሉ አለ።

አንድ ልጅ ሰርቨሩ ሞልቶበት ትልቁን ሎግ (አንድ ፕሮግራም ሥራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) አጠፋ። የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ አሁንም ሙሉ ነው ይላል፣ የፋይሎቹን መጠን የሚደምረው ዲዩ ቢደምር ቢደምር አይሞላለትም። «ዲስኩ ተበላሽቷል» ብሎ ደወለልኝ። ፕሮክ (ከርነሉ ስለሚሮጡ ፕሮግራሞች የሚያሳይበት ዳይሬክተሪ) ስር ገብተህ የፕሮግራሙን ኤፍዲ ፎልደር፣ የከፈታቸው ፋይሎች የሚታዩበትን፣ እይ አልኩት። ያችው ሎግ ከነድሮ ፓዟ፣ መጨረሻዋ ላይ በቅንፍ «ዲሊትድ» ተለጥፎባት ቁጭ ብላለች። ሰርቪሱን ሪስታርት ሲያደርገው ቦታው ተለቀቀ። (ስሙ ራሱ በዚያ ቃል የሚያልቅ ፋይል መፍጠር እንደሚቻልም እወቁ፤ ጽሑፉን አይቶ የሚወስን ኮድ ጉድ ይሆናል።)

እዚያ የሚታየው ፓዝ የትም ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም። ከርነሉ ፋይሉ ከተከፈተበት ስም ተነስቶ ከወላጅ ወደ ወላጅ ወደ ላይ እየወጣ፣ በጠየቃችሁበት ቅጽበት ይገጣጥመዋል። መልሱ እጃችሁ እስኪገባ ሌላ ሰው ስሙን ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹ የተሳሳቱ እምነቶች ቀላል ናቸው። «ጌት-ሲ-ደብሊው-ዲ ሁሌም ፓዝ ይመልሳል»፦ ጥሪው ያላችሁበትን ዳይሬክተሪ የሚነግር ነው፤ ዳይሬክተሪው ከጠፋ ግን የሚመልሰው ስህተት ነው። «ፒ-ደብሊው-ዲ ከርነሉን ይጠይቃል»፦ ይህ ያላችሁበትን የሚያሳይ ትእዛዝ ነው፤ ሼሉ (ትእዛዝ የምትጽፉበት ፕሮግራም) የሚነግራችሁ ግን ራሱ የያዘውን ነው፣ በሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፓዝ በሚጠቁም ፋይል) ግቡና እዩት። «ፓዝ ከ4096 ባይት አይበልጥም»፦ ገደቡ በአንድ ጥሪ ለምትሰጡት ፓዝ ነው፤ ደረጃ በደረጃ እየገባችሁ ከዚያ የጠለቀ መሥራት ትችላላችሁ። ኮንቴይነር (የራሱ ፋይል ሲስተም ተሰጥቶት ተነጥሎ የሚሮጥ ፕሮግራም) ውስጥ ያያችሁት ፓዝ ውጭ ላይኖር እንደሚችል መቼም አልነግራችሁም።

ስለዚህ ፓዙን ለሰው ለማሳየት ተጠቀሙበት። ለሥራ ከሆነ የከፈታችሁትን ዲስክሪፕተር (ከርነሉ ለተከፈተው ፋይል የሚሰጣችሁን ቁጥር) አትልቀቁ፤ ዳይሬክተሪ ከሆነ ከሥሩ ያለውን በኦፕን-አት (ከተከፈተ ዳይሬክተሪ ተነስቶ ፋይል በሚከፍት ጥሪ) ክፈቱ። ሁለት ፋይል አንድ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁም ፓዝ ከፓዝ አታወዳድሩ፣ በኤፍስታት (ስለ ተከፈተ ፋይል መረጃ በሚሰጥ ጥሪ) የዲቫይሱንና የአይኖዱን ቁጥር አንድ ላይ አወዳድሩ።