«ዝቅተኛ ቮልቴጅ» ሲባል ስንት ነው?

ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደህንነት የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ «የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ»፣ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። የባትሪ ዕቃ ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መመሪያው የሚይዘው በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኮረንቲ፣ እንደ ግድግዳ ሶኬት) ከ50 እስከ 1000 ቮልት፣ በዲሲ (በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ኮረንቲ፣ እንደ ባትሪ) ከ75 እስከ 1500 ቮልት የሚሠሩ ዕቃዎችን ነው። የግድግዳው 230 ቮልት እዚህ ውስጥ ነው፤ ሰው ይገድላል! «ዝቅተኛ» የተባለው ከከፍተኛ የኃይል መስመሮች አንጻር ነው።

በ12 ቮልት የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት እንውሰድ። መብራቱ ራሱ ከመመሪያው ውጭ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካው አዳፕተር ግን ውስጥ ነው። አዳፕተሩ ውስጥ 230 ቮልቱንና 12 ቮልቱን የሚለየው ቮልቴጁን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው ኮረንቲ የማያስተላልፍ መከለያ ነው። እሱ ከተበላሸ፣ እጃችን የሚነካው ቀጭን ሽቦ ድረስ 230 ቮልት ሊመጣ ይችላል። እኔ ከመብራቱ ይልቅ አዳፕተሩን አጥብቄ የማየው ለዚህ ነው።

ከ50 ቮልት በታች ነው ማለት ግን ሕግ አይነካውም ማለት አይደለም። ለተጠቃሚ የሚሸጥ ከሆነ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አጠቃላይ የምርት ደህንነት ደንብ ይይዘዋል። ብሉቱዝ ወይም ዋይፋይ ካለው ደግሞ የሬድዮ መሣሪያዎች መመሪያ አለ፤ እሱ ደህንነትን የሚጠይቀው ያለ ቮልቴጅ ገደብ ነው።