በኋላ ጎማቸው ቆመው የሚሮጡት መኪኖች

ፈረስ ሲበረግግ በኋላ እግሩ ይቆማል። በ1960ዎቹ አሜሪካ ደግሞ እንዲሁ በኋላ ጎማቸው ቆመው፣ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ 400 ሜትር የሚሮጡ መኪኖች ነበሩ። ዊልስታንደር ይባላሉ። ሥራቸው ማሸነፍ አይደለም፤ ሕዝብ ማስደነቅ ነው። ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ግን ቀደምቶቹ መኪኖች ለዚህ ተብለው አለመሠራታቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ታዋቂ መኪኖች አነሳሳቸው ለፍጥነት ነበር፤ መቆሙ ጥፋት ሆኖ መጣና እንጀራ ሆኖ ቀረ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድራግ ሬሲንግ ራሱ ቀላል ጨዋታ ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ ሩብ ማይል ወይም 402 ሜትር ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ይሮጣሉ። ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ፤ አለቀ። ይህን የጎዳና ላይ እብደት ወደ ሜዳ አስገብቶ ሕግ ለማበጀት ኤን.ኤች.አር.ኤ. የተባለው ማኅበር በ1951 በዋሊ ፓርክስ ተቋቋመ። በዚህ ጨዋታ የፊት ጎማ በጥቂቱ ከመሬት መነሣቱ የጉልበት ምልክት ነው። ብዙ ከተነሣ ግን ኪሳራ ነው። መኪናውን ወደፊት መግፋት የነበረበት ኃይል ወደ ላይ ሲያነሣው ይባክናል። መሪውም ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ የሚያዞረው ነገር የለም።

ታዲያ አንዲት ቀይ ፒክአፕ መጣች። ዶጅ ኤ100 ትባላለች። ሹፌሩ ከፊት ጎማው በላይ የሚቀመጥባት፣ አፍንጫ የሌላት፣ አጭር የሥራ መኪና ናት። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2.3 ሜትር ገደማ ብቻ። የዶጅ እናት ኩባንያ የሆነውን የክራይስለርን 426 ሄሚ ሞተር ከዚህች ሚጢጢ መኪና ጋር ያገናኘ ሰው ምን አስቦ እንደነበር ሲያዩት ያስቃል። ሄሚ ሰባት ሊትር የሚይዝ ግዙፍ ሞተር ነው። ስሙን ያገኘው የማቃጠያ ክፍሉ እንደ ግማሽ ኳስ ስለሆነ ነው። በ1964 የዴይቶና 500 ውድድር ላይ ወጥቶ ሬሱን ጠራርጎ የወሰደውም እሱ ነው።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ከተጠጋ ጎማው አስፋልቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ መኪናው ይፈተለካል። ስለዚህ የጋቢናው ጀርባና ካሶኒው ተቆረጠ፤ ሞተሩም ከኋላ አክስሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ተቀመጠ። ለሙከራ ነዳጅ ሲረገጥ ጎማው በእርግጥም ያዘ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ያዘ። ጎማው አልንሸራተት ሲል፣ ያ ሁሉ ጉልበት መኪናዋን በኋላ አክስሏ ዙሪያ ጠመዘዛትና ፊቷ ብድግ አለ።

ለውድድር አልሆነችም። ቢል ጎልደን የሚባል፣ ቅጽል ስሙ «ማቨሪክ» የሆነ የዶጅ ተወዳዳሪ ግን ሌላ ነገር አየባት። በ1965 «ሊትል ሬድ ዋገን» ተብላ በየሜዳው መዞር ጀመረች። ተመልካቹ የሚያየው ፒክአፕ ቀጥ ብላ ቆማ ሩብ ማይል ስትጨርስ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ማን ይጠይቃል?

በዚያው ዓመት ሁለተኛዋ ዝነኛ መጣች። ጆርጅ ኸርስት የማርሽ ዘንግ እየሠራ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ድርጅቱ ፕሊመዝ ባራኩዳ ወስዶ ሄሚውን ከኋላ ከተተው። ባራኩዳ የኋላ መስታወቷ በጣም ሰፊ ስለሆነ ሞተሩ ከውጭ ይታያል። ስሟም ከዚያው ወጣ፤ «ሄሚ አንደር ግላስ»፣ ማለትም በመስታወት ሥር ያለ ሄሚ። መጀመሪያ የነዳት ቢል ሽሩስበሪ ነው። እሱ ብዙም ሳይቆይ «ኤል ኤ ዳርት» የተባለችውን የራሱን ዊልስታንደር ይዞ ሄደ። ቦታውን የያዘው ቦብ ሪግል ስሙ እስከ ዛሬ ከዚያች መኪና ጋር ተሳስሮ ቀርቷል።

እንዴት ነው የሚነዳው? እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ፊቱ ወደ ሰማይ ባየ መኪና ውስጥ በፊት መስታወት የሚታየው ደመና ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ እግራቸው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ መንገዱን አሻግሮ የሚያሳይ መስታወት አስገጠሙ። ሌሎቹ በጎን መስኮት የአስፋልቱን ጠርዝ እያዩ ይነዳሉ። መሪው ስለማይሠራ የሚታጠፈው በፍሬን ነው። ለግራው የኋላ ጎማ አንድ፣ ለቀኙ ሌላ ፍሬን ይደረጋል። መኪናው ወደ ግራ ካዘነበለ ቀኙን ነካ ማድረግ ነው። ትራክተር የነዳ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ልዩነቱ ትራክተር በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ አለመሄዱ ነው።

ከመነሣቱ ይልቅ ማረፉ ይከብዳል። እግር ከነዳጅ መስጫው ድንገት ከተነሣ ፊቱ ዱብ ብሎ አክስል ይሰብራል። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ሳይሉ መሬት ከነኩ ደግሞ መኪናው ወደ ተመለከቱበት አቅጣጫ ይወረወራል። ጎልደንም ከአንድ ጊዜ በላይ ተገልብጧል፤ መኪናዋን መልሶ እየሠራም ተመልሷል።

የገንዘቡ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ተወዳዳሪ ካላሸነፈ ኪሱ ባዶ ነው። ዊልስታንደር ግን እንደ ዘፋኝ ለአንድ ትርኢት ተዋውሎ ይመጣል፣ ተነሥቶ ያሳያል፣ ክፍያውን ይዞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ለፋብሪካና ለመኪና ሻጭ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ ነበር። ልጆች ሊትል ሬድ ዋገንን በፕላስቲክ ሞዴል ገዝተው ቤታቸው ይገጣጥሟት ነበር። ነገሩ እየተለመደ ሲሄድ አንዱ ከሌላው መብለጥ ስላለበት የእሳት አደጋ መኪናም የተማሪ አውቶቡስም በኋላ ጎማው ቆመ። ለምሽት ትርኢት ከኋላ ፓራውልት ሥር ብረት ይታሰራል፤ አስፋልቱን ሲፍቀው ከመኪናው በስተኋላ የብልጭታ ጅራት ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ከጊዜ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ሆን ተብለው ለትርኢት የተሠሩ ናቸውና የመጀመሪያዎቹ ያህል አይጥሙኝም።

ጎልደን ለአሥርት ዓመታት በዚሁ ሥራ ኖሮ በ2015 አረፈ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ሊትል ሬድ ዋገን በጨረታ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች። ለውድድር አትሆንም ለተባለች ፒክአፕ አይከፋም።

ሪግልም ቢሆን በቀላሉ የሚተው ሰው አልነበረም። በ2016፣ ዕድሜው 80 አካባቢ ሆኖ፣ የቴሌቪዥኑን ሰው ጄይ ሌኖን ጎኑ አስቀምጦ ለቀረጻ ሄሚ አንደር ግላስን አስነሣት። አሳምራ ቆመች። ከወረደች በኋላ ግን ተጠማዝዛ ተገለባበጠች። ሁለቱም ምንም ሳይሆኑ በእግራቸው ወጡ።