ትናንሽ የፈርኒቸር ቤቶችን ለውጭ ገበያ ማሠልጠን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለትናንሽ የፈርኒቸር አምራቾች የሚሰጥ የኤክስፖርት ሥልጠና ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ስላይድ ይታያል፣ የቡድን ፎቶ ይነሳል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። ሰልጣኙ ወደ ሥራው ሲመለስ እጁ ላይ የቀረ ነገር የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሰዎቹ ማሽናቸውን አቁመው፣ የተቀበሉትን ትዕዛዝ አዘግይተው ነው የሚመጡት። ችግሩ የሚጀምረው ሥልጠናውን የሚነድፉ ሰዎች ከሚይዟቸው አንዳንድ የተሳሳቱ ሐሳቦች ነው።

"መጀመሪያ ማርኬቲንግ ይማሩ"

መጀመሪያ መለካት ያለበት የእንጨቱ እርጥበት ነው። ሜዳ ላይ በአየር የደረቀ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 በመቶ እርጥበት ይይዛል። በቀዝቃዛ የውጭ አገር ክረምቱን ሙሉ በማሞቂያ በሚሞቅ ቤት ውስጥ ግን ወደ 8 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ እንጨቱ ይኮማተራል። የጠረጴዛው ገጽ ይሰነጠቃል፣ የወንበሩ መጋጠሚያ ይላላል። ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ እንከን አልነበረበትም፤ ገዢው ግን ከሦስት ወር በኋላ የስንጥቁን ፎቶ ይልካል።

ስለዚህ እኔ ብነድፈው የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከራሱ መጋዘን አንድ ቁራጭ ጣውላ ይዞ ይመጣል። የእርጥበት መለኪያው ሁለት መርፌዎች ጣውላው ላይ ይተከላሉ፣ ቁጥሩ ይነበባል። 16 በመቶ ያነበበ ሰው ስለ ማድረቂያ ክፍል ለማወቅ ቅስቀሳ አያስፈልገውም። ከዚያ የጠረጴዛ ገጽ ከእግሩ ጋር ሲታሰር የብሎኑ ቀዳዳ ለምን ሞላላ መሆን እንዳለበት ይታያል። እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ መንቀሳቀሻ ስለሚፈልግ ነው።

"እዚህ የሚሸጠው ዕቃ እንዳለ ይላካል"

ተገጣጥሞ ያለቀ ወንበር ሲላክ በአብዛኛው የሚጓዘው በክፍሎቹ መካከል ያለው ባዶ አየር ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የፈርኒቸር አምራቹ ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 ወንበር 6 የእንጨት ክፍሎች ብቻ ነበሩት። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባ ነበር። ወንበሩ ዓለምን ያዳረሰው ስላማረ ብቻ አልነበረም።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ሰልጣኙ የራሱን ወንበር በሜትር ይለካ። ስንት እንደሚገባ ያስላ። ከዚያ እግሩን በብሎን የሚገጠም አድርጎ እንደገና ያስላ። ብዙ ሰው ዲዛይኑን ለመቀየር የሚወስነው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያይ ነው።

"የእጅ ሥራ ስለሆነ ልዩነት ይፈቀዳል"

የእንጨቱ መልክ ቢለያይ ገዢው ይታገሣል። የመቀመጫው ከፍታ ቢለያይ አይታገሥም። ሃያኛው ወንበር እንደ አንደኛው እንዲወጣ ልኬት የሚጠብቅ ፎርማ መሥራት ያስፈልጋል። ገዢው ያጸደቀው ናሙናም ተጠብቆ ይቀመጥ። ይህን ደግሞ ባለቤቱ ብቻ ቢያውቀው ዋጋ የለውም። ሥራውን የሚመራው ዋና አናጺ አብሮ መሠልጠን አለበት።

"ሰነድ የጉምሩክ አስተላላፊው ጉዳይ ነው"

አስተላላፊው ወረቀት ይሞላል፤ ያልነበረ ማስረጃ ግን አይፈጥርም። የእንጨቱ ምንጭ ሕጋዊ መሆኑን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ በሕግ ይጠይቃሉ። ማስረጃው መያዝ ያለበት ጣውላው በተገዛበት ቀን ነው። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ወይም ኮምፔንሳቶ ከሆነ ከማጣበቂያው የሚወጣው ጎጂ ኬሚካል፣ የፎርማልዴሃይድ፣ መጠኑ ይጠየቃል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ የልብስ መሳቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሕፃናት ላይ እንዳይወድቅ የመረጋጋት ፈተና ማለፍ አለበት። ይህ ከዲዛይን ይጀምራል።

ሣጥኑና ፓሌቱም አይረሱ። ካልተቀነባበረ እንጨት ከተሠሩ፣ በተለመደው የሙቀት ሕክምና መካከላቸው ድረስ ቢያንስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሰው 30 ደቂቃ መቆየትና ማኅተም ማግኘት አለባቸው። የሚያምር ጠረጴዛ ማኅተም በሌለው ፓሌት ምክንያት ወደብ ላይ ሊታገድ ይችላል።

"ዋጋ ማለት ወጪ ሲደመር ትርፍ ነው"

የት ድረስ የሚለው ካልተጻፈ ዋጋ አይባልም። ከፋብሪካ በር? ለአጓጓዡ እስከ ማስረከብ? ገዢው ደጃፍ ድረስ፣ ቀረጥም ተከፍሎ? ኢንኮተርምስ 2020 በሚባለው የዓለም አቀፍ ንግድ የማስረከቢያ ደንብ ውስጥ 11 ውሎች አሉ። አሥራ አንዱንም በአንድ ከሰዓት ማስተማር ሰውን ግራ ማጋባት ነው። ከላይ በጥያቄ የተነሡት ሦስቱ ይበቃሉ፤ በቅደም ተከተል ኤክስ ወርክስ፣ ኤፍሲኤ እና ዲዲፒ ይባላሉ። ብዙዎች ኤፍኦቢን (መርከብ ላይ እስከ መጫን) ይለምዳሉ፤ በኮንቴይነር ለሚጫን ዕቃ ግን የሚመከረው ኤፍሲኤ ነው።

"አምስት ቀን ተከታታይ ሥልጠና ይበቃል"

አይበቃም። ሁለት ቀን ተምሮ፣ ሦስትና አራት ሳምንት በራሱ ዕቃ ላይ ሠርቶ፣ አሠልጣኙ እዚያው ወርክሾፑ ድረስ ሄዶ አይቶለት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቢገባ ይሻላል። በየዙሩ አንድ ዕቃ፣ አንድ ገበያ። ስንት ሰው ተመረቀ ብሎ መቁጠርም ይቅር። ስንቱ ሙሉ የዋጋ ማቅረቢያ ላከ፣ ስንቱ ናሙና አስጸደቀ፣ ከስንቱ ያው ገዢ ለሁለተኛ ጊዜ ዕቃ አዘዘ? አንዳንዱ ሰልጣኝ ስሌቱን ሠርቶ "እኔ ለጊዜው አልደረስኩም" ቢል፣ ያልተከፈለ ኮንቴይነር ከመላክ ድኗልና እሱም በውጤት ይመዝገብ።